ከማን ጋር በላህ?

እማዬ እሁድ እሁድ ስደውልላት «ምን በላህ?» ብላ አትጠይቀኝም። የምግቦቹን ስም ብጠራላት ግራ ከመጋባት በቀር ምንም እንደማይተርፋት ገና በመጀመሪያው ወር ተግባብተናል። የእሷ ጥያቄ «ከማን ጋር በላህ?» የሚል ነው። «ብቻዬን» ስላት ስልኩ ጸጥ ይላል። ያቺን ጸጥታ አውቃታለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ማለቷ ነው። ተረቱን በአፏ አትናገረውም፤ አዲስ አበባ ሆና በረጅሙ ትተነፍስና ኪዮቶ ድረስ ታሰማኛለች።

የምማርበት የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1897 የተመሠረተ ነው። ተማሪ ባለበት ርካሽ ምግብ ቤት አይጠፋምና ዙሪያውን ምግብ ቤት ከቦታል። ከግቢው ጥግ ያለው መስቀለኛ መንገድ ህያኩማንቤን ይባላል፤ «አንድ ሚሊዮን ጊዜ» እንደማለት ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን ወረርሽኝ ሲገባት ዛሬ እዚያ ያለው ገዳም አበው የቡድሃን ስም ሚሊዮን ጊዜ እየጠሩ ጸለዩ፣ በሽታውም ቆመ፣ ንጉሡም ለገዳሙ ይህን ስም ሰጡት ይባላል። እኔም በዚያ መንገድ ስመላለስ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ኪሴን ዳብሻለሁ።

ኪሴ ውስጥ የምፈልገው 500 የን ነው። ጃፓን ውስጥ ዕለት ተዕለት ከሚዘዋወሩት ሳንቲሞች ትልቁ እሱ ነው። በእሱ የሚበላውን ምሳ «የአንድ ሳንቲም ምሳ» ይሉታል። ይህን ለእማዬ በመንገሬ እስካሁን እጸጸታለሁ። «በአንድ ሳንቲም ምሳ በላሁ» ስላት ለምኜ የበላሁ መስሏት ለሁለት ቀን ምግብ አልበላ ብሏት ነበር።

የመጀመሪያዋን ሳንቲም ያጠፋሁት ግዩዶን ቤት ነው። ግዩዶን ማለት በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ከሽንኩርት ጋር በጣፋጭ መረቅ ተቀቅሎ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሩዝ ላይ የሚደፋበት ነው። በሩ ጋ አንድ ማሽን ቆሟል። ሳንቲም ታስገባለህ፣ የምትፈልገውን ትጫናለህ፣ ትኬት ይተፋልሃል። እንዳለመታደል ሆኖ የዚያ ቤት ማሽን ሥዕል አልነበረውም፤ ፊደል ብቻ ነው። ከኋላዬ ሦስት ሰዎች ተሰለፉ። ማንም «ቶሎ በል እንጂ!» አላለኝም። አዲስ አበባ ቢሆን አንዱ ይገፋኛል፣ ሌላው ይመክረኛል፣ ሦስተኛው ራሱ ይጫንልኝ ነበር። እነዚህ ግን በትዕግሥት ቆሙ። የጃፓን ትዕግሥት ከአራዳ ግፊያ ይከብዳል። ደነገጥኩና ዋጋቸው አነስ ያሉትን ሦስት ቁልፎች ተጫንኩ።

አስተናጋጁ ትኬቶቹን አየ፤ እኔን አየ፤ መልሶ ትኬቶቹን አየ። ከዚያ አንድ እንቁላል፣ ትንሽ የኮመጠጠ ጎመንና አንድ ሾርባ አቀረበልኝ። ሚዜዎቹ በሙሉ መጥተዋል፤ ሙሽራው የለም። ሆድ ሲብስ እንቁላልም እንቁላል ነው ብዬ የተቀቀለውን እንደምንሰብረው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨሁት። ጥሬ ኖሯል። በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ወደ ሱሪዬም ወረደ። ቁርጥ በአዋዜ ሲቀርብለት ዓይኑን የማያሽ ሕዝብ ልጅ፣ ጥሬ እንቁላል ሲያይ እንዲህ መንዘፍዘፉን ማንም አገሬ ላይ አያምነኝም። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከሳህኑ ቀና ሳይል የሶፍቱን ሳጥን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ መብላቱን ቀጠለ።

ያን ጊዜ ነው ዙሪያዬን ያስተዋልኩት። አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ረጅም ባንኮኒ ላይ ተደርድረው፣ አሥራ ሁለቱም ብቻቸውን እየበሉ ነበር። ከእነዚህ ቤቶች አንጋፋው ዮሺኖያ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1899 ቶኪዮ ውስጥ፣ በኒሆንባሺ የዓሣ ገበያ ነው። ደንበኞቹ ለወሬ ጊዜ የሌላቸው የገበያው ሠራተኞች ነበሩ። ዛሬም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ ይወጣል። ለካስ እኔ ምግብ ቤት የመሰለኝ ነዳጅ ማደያ ነው።

ልማድ ግን አይለቅም። በሌላ ቀን፣ ሙሽራውን በትክክል ማዘዝ ከተማርኩ በኋላ፣ አንድ ጎልማሳ ከአጠገቤ ሲቀመጥ ሳህኔን ወደ እሱ ጠጋ አድርጌ «እንብላ!» አልኩት። በአማርኛ ነው ያወጣሁት፤ በየትኛው ጃፓንኛ ይባላል? ሰውዬው ቦታ የጠበበኝ መሰለው። ብድግ አለ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀመጠ። «እንብላ» ብዬ ሰው ያባረርኩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሳልሆን አልቀርም።

የዩኒቨርሲቲው ማዕከላዊ ካፍቴሪያማ ነገሩን ሕጋዊ አድርጎታል። ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች መሃል ላይ ግርዶሽ የተተከለላቸው አሉ። ብቻውን የሚበላ ተማሪ ፊት ለፊቱ ካለው ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይገጣጠም ነው። ተማሪዎቹ «ቦቺ ሴኪ» ይሉታል፤ የብቸኛ ወንበር ብንለው ያስኬዳል። መጀመሪያ ሳየው የምርጫ ጣቢያ መሰለኝ። እኔም ድምፄን ለሩዝ ሰጥቼ ወጣሁ።

ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ለእሷ ያልነገርኳት ሌላም አለ፤ ቦታውን ወድጄዋለሁ። ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሽሮ ለአራት ነበር የምናዝዘው። ፍቅሩ ደስ ይላል፣ ፍጥነቱ ግን የኦሎምፒክ ነው። ወሬ የጀመረ ይራባል። ከመካከላችን አንዱ አስቂኝ ታሪክ የሚያወራው ሁልጊዜ ሽሮው ሲቀርብ እንደነበር የገባኝ ከተመረቅን በኋላ ነው። ስንት ጉርሻ እንደሚያጠግበኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠርኩት ከዚያ ግርዶሽ ጀርባ ነው። ከገመትኩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ሩጫ ለካ ለሆዴ አልነበረም።

ነገሩ የከረረው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድሞ የመጣ አንድ የጎንደር ልጅ ነበር፤ ቤተ ክህነት ቀመስ ነው፣ በሃይማኖት ነገር የምንጠይቀው እሱን ነው። «እዚህ አገር ጾም የሚያስፈታህ ሥጋ አይደለም» አለኝ። «ሥጋማ ይታያል፤ ትሸሸዋለህ። የሚያስፈታህ መረቁ ነው።» እውነቱን ነው። ዳሺ የሚሉት መረቅ ያልገባበት ነገር የለም። ከባሕር አረምና ከደረቀ የቦኒቶ ዓሣ ይሠራል። ዓሣው ታጥኖና ደርቆ እንደ እንጨት ስለሚጠነክር የሚፋቀው አናጺ ጣውላ እንደሚልግበት ባለ መላጊያ ነው። ሾርባው ውስጥ አለ፣ የኑድሉ መረቅ ውስጥ አለ፣ ምስኪን የምትመስለው የተቀቀለች ካሮት ውስጥ ሳይቀር አለ። ካሮቷ ጾመኛ ትመስላለች፤ ውስጧ ግን ፈስኳል።

የሚያናድደው ደግሞ ይህ ነው። የዚህችው የኪዮቶ ልጅ የሆነ ኪኩናኤ ኢኬዳ የሚባል የኬሚስትሪ ምሁር ቶኪዮ ሲያስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረሙ ብቻ ያን ጣዕም ነጥሎ አወጣው። ጣፋጭም አይደለም፣ ኮምጣጣም አይደለም፣ ጨውም መራራም አይደለም፤ «ኡማሚ» ብሎ ሰየመው። ማለትም ዓሣ ሳይነካው የሚጥም መረቅ እንዳለ በሳይንስ ከተረጋገጠ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለ ምግብ ቤቶቹ ግን ለእኔ ሁዳዴ ሲሉ አልሰሙትም።

«የቡድሃ መነኮሳትስ ምን ይበላሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሾጂን ርዮሪ የሚባል የገዳም ምግብ አላቸው፤ ሥጋ የለበትም፣ ዓሣ የለበትም፣ እንቁላልም የለም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ ይከለክላሉ። እኛ ሽንኩርት ካላቁላላን ጾሙን ራሱ አንጀምረውም፤ እነሱ ግን በልጠውናል። ደስ ብሎኝ ወደ አንዱ ገዳም ደጃፍ ሄድኩና ዋጋውን አነበብኩ። ብዙ ሺህ የን ነው። ለአንድ ቀን ጾም የአንድ ሳምንት ሥጋ ይጠየቃል። ነፍሴን ለማዳን ብድር ሊያስፈልገኝ ነው።

የቀረኝ ናቶ ነበር። የተብላላ አኩሪ አተር ነው፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሦስቱ ጥቅል 100 የን ገደማ ይሸጣል። ሽታውን ተዉት። በቾፕስቲክ ሲያማስሉት ይዝለገለጋል፤ ሲያነሡት ክር ይሠራል፤ ክሩ ከአፍ እስከ ሳህን፣ ከሳህን እስከ ክራባት ይደርሳል። በተልባ ያደገ ሰው ግን በመዝለግለግ አይሸነፍም። ሳምንቱን ሙሉ በልቼ በኩራት ለጎንደሬው ነገርኩት። ጥቅሉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የማጣፈጫ ከረጢት ገልብጦ፣ ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ቦኒቶ» አለኝ። ሳምንት ሙሉ ዓሣ ስበላ ከርሜያለሁ።

«አንተስ ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ሳንወለድ የነበረ ነው» አለኝ ረጋ ብሎ። «የእኔ አቋም ግን ያላየሁትን ዓሣ አልበላሁም ነው።»

ለፋሲካ ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። እትዬ የምላቸው በልቤ ነው፤ እሳቸው አያውቁም። ስምንት ወንበር ብቻ ያላት የቴይሾኩ ቤት አላቸው። ቴይሾኩ ሩዝ፣ ሾርባ፣ የኮመጠጠ አትክልትና ዋናው ምግብ በአንድ ትሪ ሆኖ የሚቀርብበት ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባው ይጠጋል፤ ከወገባቸው ጎበጥ ብለው ይሠራሉ። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ኢትዮጵያ» አልኳቸው። ጭልፋቸው አየር ላይ ቀረ።

«አቤቤ!» አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ከአባታቸው ጋር በቴሌቪዥን አይተውታል። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን አሸንፎ ሲገባ ሌላው በድካም የሚወድቅበት ቦታ ላይ እሱ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ መሥራት ጀመረ። ያውም ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው። እትዬ ይህን በቃል አይደለም የነገሩኝ፤ ከምድጃው ጀርባ እጃቸውን ወደ እግራቸው ዘርግተው አሳዩኝ። ሁለቱ ደንበኞች መብላት አቁመው አዩ። «በባዶ እግሩ!» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። በባዶ እግሩ የሮጠው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሮም ላይ ነው፤ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነበር። ላርማቸው አፌን ከፈት ሳደርግ ሳህኔ ላይ ሁለተኛ ጭልፋ ሩዝ እየጨመሩ መሆኑን አየሁ። አፌን ዘጋሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአበበ እግር ነው የምበላው። ብስክሌት ሁለት መቶ ሜትር ስነዳ የማለከልክ መሆኔን እትዬ እንዳያዩ ብስክሌቴን ማዕዘኑ ጋ አስሬ በእርጋታ እየተራመድኩ እገባለሁ።

እዚያ ቤት ነው ጉርሻ ለጃፓን ለማስተዋወቅ የሞከርኩት። የላቦራቶሪያችን ልጆች ስድስት ሆነን አመሸን፤ ግዮዛ መጣ። ግዮዛ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ፣ አንድ ጎኑ የተጠበሰ ነገር ነው፤ የሳንቡሳ የሩቅ ዘመድ ይመስለኛል። ሞቅ ሲለኝ አንዱን በቾፕስቲክ አንሥቼ ከጎኔ ላለው ልጅ ወደ አፉ ላክሁለት። ልጁ ደነገጠ። አፉን እንደመክፈት የራሱን ቾፕስቲክ ዘርግቶ ግዮዛውን ከአየር ላይ ያዘልኝ። እንጨት ከእንጨት ጋር ግዮዛውን ይዘን ቀረን። ጠረጴዛው ዝም አለ። እትዬ ከምድጃው ጀርባ «አረረረ!» አሉ። ቃሉ ከእኛው ጋር አንድ መሆኑ ገረመኝ።

ኋላ ነው ያስረዱኝ። ጃፓኖች አስከሬን አቃጥለው ሲጨርሱ ቤተሰቡ አፅሙን በቾፕስቲክ እያነሣ ወደ ማኖሪያው ያስገባል፤ አንዱ ለሌላው የሚያቀብለውም በቾፕስቲክ ነው። ስለዚህ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ ማቀባበል ነውር ነው። የፍቅር ጉርሻ ያልኩት ነገር ልጁን ቀብር ቦታ አቁሞታል። ለካሳ ይሁን ብዬ እጄን ለመታጠብ እንደሚሄድ ሰው ተነሥቼ የሁላችንንም ሒሳብ ከፈልኩ። ከመደንገጤ የተነሣ ከመነሣቴ በፊት ቾፕስቲኬን ሩዜ ላይ እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጌ ሰክቼው ኖሯል። እንደዚያ ተሰክቶ የሚቀርበው ደግሞ ለሟች ነው። እትዬ አንድም ቃል ሳይናገሩ መጥተው ነቅለው አጋደሙት።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አምስት ቦታ የተቆለለ ሳንቲም ጠበቀኝ። እያንዳንዱ ቁልል 820 የን። አንዱ በትንሽ ወረቀት «አመሰግናለሁ» ብሎ ጽፏል። ሒሳቡ ለስድስት ሲካፈል የሚደርስባቸው ነው፤ አንድ የን አልጎደለም፣ አንድ የን አልተረፈም። አገር ቤት ሒሳብ ለመክፈል እጅ ለእጅ ተያይዘን «በሞቴ!» የተባባልንበት፣ ሸሚዝ የተቀደደበት ቀን አለ። ተናደድኩ። ገንዘቡን ላልነካው ማልኩ። ኩራቴ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየ፤ ሲርበኝ ቆጠርኩት። 4,100 የን ነው። ስምንት ምሳ።

የሆነውን ለላቦራቶሪያችን ፕሮፌሰር ስነግረው ሳቀና ሌላ ወሬ አመጣ። ግዮዛ ኖ ኦሾ የሚባለው የምግብ ቤት ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በ1967 እዚሁ ኪዮቶ ውስጥ የተጀመረ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ ዴማቺ ላይ የነበረው ቅርንጫፍ ገንዘብ ላጠረው ተማሪ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር፤ 30 ደቂቃ ሳህን እጠብ፣ በነጻ ብላ። ለማኝ አይደለህም፣ ባለ ዕዳም አይደለህም፤ ሳህን አጥበሃል። ስንቱ ተማሪ በዚያ ቤት እጀታውን ሰብስቦ ዶክተር ሆኗል። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ኦክቶበር ማለቂያ ላይ ተዘጋ። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲነግረኝ እጆቹን ያይ ነበር። አጥቦ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

እኔ የማውቀው የስድስት ኪሎውን ዱቤ ነው። እዚያ ሳህን አታጥብም፤ ስምህ በደብተር ላይ ይጻፋል። ባለቤቷ በየቀኑ ደብተሩን ገልጣ፣ እርሳሷን በምራቋ አርሳ፣ ስምህን ጮክ ብላ እየጠራች ትጽፍሃለች፤ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። የእኔ ስም እስካሁን ሳይሰረዝ እዚያ ደብተር ላይ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ስመለስ ሠላሳ ደቂቃ ሳህን ላጥብ ብላት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በሌላ መንገድ ነው የማልፈው።

ሰው ባጣሁ ጊዜ አብሮኝ የበላ እንስሳም አለ። ካሞና ታካኖ የሚባሉት ወንዞች ዴማቺ ላይ ይገናኛሉ፤ ዳሩ ሣር ነው፣ ተማሪው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ከሥጋ ቤት ኮሮኬ ገዛሁ፤ የድንች ጥብስ ነው፣ አይወደድም። ጭልፊት እንደሚነጥቅ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ቆሟል። የአዲስ አበባ ልጅ ጭልፊትን ከሰሌዳ አይማርም፤ ልኳንዳ ቤት በር ላይ አብረን ነው ያደግነው ብዬ ናቅሁት። ኮሮኬው ግማሽ ላይ ሲደርስ ከኋላዬ አንድ ክንፍ ጆሮዬን መታኝና እጄ ባዶ ቀረ። ጣቴን እንኳ አልጫረኝም፤ ጨዋ ነው።

እሁድ ሆነ፤ «ከማን ጋር በላህ?» ስትለኝ «ከጭልፊት ጋር፣ እኩል ተካፍለን» አልኳት። እማዬ ከሄድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቴንካይፒን ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1971 በተሽከርካሪ ጋሪ የተጀመረ የኪዮቶ ራመን ነው፤ ዋናው ቤቱ ከግቢያችን በስተሰሜን ኪታሺራካዋ ላይ ነው። ኪዮቶ ስትባል ሰው ሁሉ ቀጭንና ረቂቅ ነገር ይጠብቃል፤ ይህ ግን ከዶሮ የተቀቀለ መረቁ እንደ አጥሚት የወፈረ ነው፤ ማንኪያ ያቆማል። ራመን ሲበላ ድምፅ ይሰማል። ከግራም ከቀኝም ሽልል፣ ሽልል ይላል፤ ነውር አይደለም። እኔን ግን እማዬ በልጅነቴ ሾርባ ስስብ ጭኔን ትቆነጥጠኝ ስለነበር እስካሁን ጃፓን ውስጥ በዝምታ ራመን የሚበላ እኔ ብቻ ነኝ። አስተናጋጁ ያልጣመኝ መስሎት በሐዘን ያየኛል።

ያን ቀን ርቦኝ ነበርና መረቁን በሙሉ ጠጣሁት። የሳህኑ ወለል ላይ ጽሑፍ ወጣ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ አነበብኳቸው፤ አሁን እችላለሁ። «ነገም እንጠብቅዎታለን» ይላል። ከገባሁ አንሥቶ አንድ ሰው ያላጫወተኝ ቤት፣ ያን ሁሉ መረቅ እስክጨርስ ታግሦ ከሥር ነው የተናገረው።

እሁድ ለእማዬ ነገርኳት። «ነገም እንጠብቅሃለን ብለውኛል» አልኳት።

ድምጿ ቀና አለ። «ማናት? ሴት ናት?»

«ሳህን ናት፣ እማዬ። ሳህኗ ላይ ተጽፎ ነው።»

ስልኩ ጸጥ አለ። የተለመደውን ረጅም ትንፋሽ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«ታዲያ አጥበህላቸው መጣህ?» አለችኝ።